ከካርድ ክፍል እስከ ፋርማሲ፦ የደከሙ አረጋውያን የሚነግሩንን ይዞ የጤና ጣቢያን የቡድን ሥራ ማስተካከል

ደሴ ውስጥ አንዲት አሮጊት እናት ከጤና ጣቢያ ሲወጡ አስቁማችሁ «አገልግሎቱ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የታወቀ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎደለብኝ!» ወይም «ተመስገን ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ»። ከዚያ ምርቃቱ ይከተላል። የእርካታ መጠይቅ ብትሞሉላቸው ከአምስት አምስት ይሰጣሉ። ማታ ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ግን ወሬው ሌላ ነው። ካርዳቸው ጠፍቶ ቆመው መዋላቸውን፣ ስማቸው ሲጠራ ሳይሰሙ ወረፋው እንዳለፋቸው፣ መድኃኒቱ ግማሹ «የለም» ተብሎ መመለሳቸውን ያወጋሉ።

ይህ መመሪያ ያንን የማታ ወሬ ቀን ላይ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ለመስማት ነው። ሰምቶ ለማዘን ብቻ አይደለም፤ በባለሙያዎች መካከል የሚላላውን ሥራ ለማጥበቅ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ፋርማሲስቶችና ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ታስቦ ተጽፏል።

ለምን ከአረጋውያን፣ ያውም ከደከሙት እንጀምራለን? ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ ካርዱን ያውቃል። ነርሷ ግፊቱን ታውቃለች። ጤና መኮንኑ ሕመሙን፣ ፋርማሲስቷ መድኃኒቱን ታውቃለች። በሁሉም በር ያለፉት ግን ታካሚዋ ብቻ ናቸው። ሥራ የሚላላው ደግሞ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነው። ጎረምሳ ከሆነ ክፍተቱን ሮጦ ያልፈዋል። ደግሞ ይጠይቃል፣ ይጨቃጨቃል፣ ነገ ተመልሶ ይመጣል። ጉልበት የከዳቸው እናት እዚያው ይቀራሉ። እሳቸው የቀሩበትን ቦታ ካገኛችሁ የቡድናችሁን ስንጥቅ አገኛችሁ ማለት ነው።

አሠራሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በእንግሊዝ አገር፣ በሉተንና ደንስተብል ሆስፒታል፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ በጭንቅላትና አንገት ካንሰር ክፍል ተሞክሮ የተስፋፋ ዘዴ አለ። ታካሚዎች የገጠማቸውን በቪዲዮ ይናገራሉ፣ ሠራተኞች ያዩታል፣ ከዚያ አብረው ተቀምጠው አገልግሎቱን ያስተካክላሉ። እኛ ካሜራ አያስፈልገንም። ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። «የማህበረሰብ ውጤት ካርድ አለን እኮ» የሚል አይጠፋም፤ ነዋሪው ተሰብስቦ ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጥበትን ማለቱ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ይቀጥል። ግን ለዚያ ስብሰባ የሚመጣው መራመድ የሚችል ሰው ነው። የምንፈልጋቸው አረጋውያን እቤት ናቸው።

1. መጀመሪያ ሠራተኛውን አረጋጉ

«የታካሚ ቅሬታ ልንሰበስብ ነው» ብላችሁ ከጀመራችሁ አለቀ። ሠራተኛው የሚሰማው አንድ ነገር ነው፦ ግምገማ። ሁሉም መከላከያውን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ማንም አረጋዊ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የጠዋቱን አጭር ስብሰባ ተጠቀሙና ሦስት ነገር ተስማሙ። የሰው ስም አይነሳም፣ የክፍል ስም ይነሳል። የሚሰማው ነገር ወደ ሥራ አፈጻጸም ውጤት አይገባም። ሠራተኛውም የራሱን ይናገራል፤ ምን እንደሚያደክመው፣ ከሌላው ክፍል ምን ሳይደርሰው እንደሚቀር።

ሦስተኛው እንደ ማለሳለሻ የተጨመረ እንዳይመስላችሁ። ፋርማሲስቷ «ማዘዣው አይነበብም፣ ሄጄ ብጠይቅ ደግሞ ክፍሉ በሰው ተጨናንቋል» ካለች፣ ያ ከአረጋዊቷ ታሪክ እኩል ዋጋ አለው። እንዲያውም የዚያው ታሪክ ሌላኛው ጫፍ ነው።

ኃላፊው በዚህ ካልተስማማ ሥራውን አትጀምሩት። ግማሽ መንገድ ላይ ስም ጠርቶ የሚቆጣ ኃላፊ ካለ ሠራተኛው ሁለተኛ አይናገርም።

2. የምታነጋግሯቸውን ምረጡ

አገራችን ውስጥ 60 ዓመት የሞላውና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው አረጋዊ ይባላል። ዕድሜ ብቻውን ግን አይበቃም። በ80 ዓመታቸው ከገራዶ በእግራቸው ሽቅብ ወጥተው ገበያ የሚውሉ አባት አሉ። በ65 ዓመታቸው ከአልጋ መነሳት የከበዳቸውም አሉ። የምንፈልገው ሁለተኛዎቹን ነው።

ለመለየት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪሞች ዘንድ የተለመዱ አምስት ምልክቶች አሉ። ሳይፈልጉ መክሳት፣ ቶሎ ቶሎ መድከም፣ የእጅ ጥንካሬ መቀነስ፣ የእርምጃ መዘግየት፣ እንቅስቃሴ ማነስ። ሦስትና ከዚያ በላይ ካላቸው አቅማቸው ደክሟል ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን እንክብካቤ ያወጣው መመሪያ ደግሞ ቀላል ፈተና አለው፦ ክንድን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ በ14 ሴኮንድ ውስጥ መነሳትና መቀመጥ። ስታደርጉት አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም። ይኸው መመሪያ በሦስት ወር ውስጥ ከ3 ኪሎ በላይ ቀንሰው እንደሆነ ይጠይቃል። እቤት ሚዛን የለም። «ቀሚስዎ ሰፍቶዎታል ወይ? መቀነትዎ ስንት ዙር ጨመረ?» ብትሉ ትክክለኛውን መልስ ታገኛላችሁ።

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ብዙ ሰው ማነጋገር የተሻለ ይመስላል፤ አይደለም። ወረቀቱ ይከመርና ማንም አያነበውም። ይልቅ ዓይነቱ ይለያይ። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በልጅ ልጅ የሚጦሩ፣ ጆሯቸው የከበደ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ የጤና መድኅን መታወቂያ ያላቸውና የሌላቸው። ደሴ ከሆነ አንድ ሰው ከጦሳ ሥር ካለው ዳገት ይምጣ። ባጃጅ የማይወጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው የሚነግራችሁን ፒያሳ ያለ ሰው አይነግራችሁም። ኮምቦልቻ ሜዳው ይሻላል፣ ሙቀቱ ግን ለደከመ ሰው ሌላ ፈተና ነው። ሪፈር ከተባሉ ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሽቅብ ይዘው ወደ ደሴ መውጣት አለ።

ከሁሉ በላይ መምጣት ያቆሙትን ፈልጉ። ክሮኒክ ክፍል (የረጅም ጊዜ ሕመም መከታተያው) ያለውን የቀጠሮ መዝገብ ገልብጡና የግፊትና የስኳር ክትትል ጀምረው የጠፉትን አውጡ። ከዚያ የሰፈሩን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና የቅሬውን (የዕድሩን) ዳኛ ጠይቁ። ቅሬ ማን እንደታመመ፣ ማን ከቤት እንደቀረ፣ ማን ጧሪ እንደሌለው ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

3. ፈቃድ

አጭር ነው ግን አይዘለል። አነጋጋሪው የሚያክማቸው ባለሙያ ባይሆን ይመረጣል፤ ያከመን ሰው ፊት ለፊት ማን ይወቅሳል? ለምን እንደመጣችሁ፣ ስማቸው እንደማይጠቀስ፣ የተናገሩት ነገር ሕክምናቸውንም የመድኅን መታወቂያቸውንም እንደማይነካ ንገሯቸው። የመጨረሻውን ደግማችሁ ንገሯቸው። በተለይ መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንላቸው ከሆነ «ይህን ብናገር ከዝርዝር እወጣ ይሆን?» የሚል ሥጋት ውስጣቸው አለ። ድምፅ የምትቀርጹት ከፈቀዱ ብቻ ነው። ካልፈቀዱ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ያውራ፣ ሌላው ይጻፍ።

4. ቤታቸው ሄዳችሁ ስሙ

ዋናው ሥራ ይኼ ነው። ጊዜ ስጡት። ቡና የሚፈላ ከሆነ አቦሉን ጠጥታችሁ ለመነሳት አትቸኩሉ። ወሬው የሚመጣው ቶና ላይ ነው።

ፎርም ይዛችሁ አትግቡ። አጠራራችሁን ከቤተሰቡ ስሙ፤ እትዬ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ ሼህ፣ ሐጂ፣ አባ። እነሱ በሚጠሩበት ጥሩ። ከሚሰማው ጆሯቸው በኩል ተቀመጡ። አትጩኹ፤ በወፍራም ድምፅ፣ ጥርት አድርጋችሁ፣ ሳትጣደፉ ተናገሩ። ጩኸት ጆሮው ለከበደ ሰው ድብልቅልቅ ያለ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቁጣም ይመስላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ «ባለፈው ጤና ጣቢያ የሄዱ ዕለት፣ ከቤት ከወጡበት ጀምረው እስኪመለሱ ድረስ ይንገሩን።» ከዚያ በኋላ ሥራችሁ በአብዛኛው «ከዚያስ?» ማለት ነው። «ለምን እንዲህ አላደረጉም?» አትበሉ፤ ጥፋት የተፈለገባቸው ይመስላቸዋል።

ሰዓት አትጠይቁ፣ አይዙትም። ሶላትን ጠይቁ። «ሱብሂ ሰግደው ነው የወጡት? ዙህር ሲደርስ የት ነበሩ?» ክርስቲያን ከሆኑ «ቅዳሴ ወጥቶ ነበር?» በሉ። በዚህ መንገድ የአንድ ሰው ውሎ በግምት ይወጣል። የት እንደተቀመጡ፣ ማን እንዳናገራቸው፣ እጃቸው ላይ ምን ወረቀት እንደነበር፣ ሽንት ቤት እንዴት እንደሄዱ ጠይቁ። የሽንት ቤቱ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። የግፊት መድኃኒት ሆኖ ሽንት የሚያበዛ አለ። ሽንት ቤቱ ሩቅ ወይም ደረጃ ያለው ከሆነ አንዳንዶች የቀጠሮ ዕለት መድኃኒቱን አይውጡም። ነርሷ ግፊት ስትለካ ከፍ ብሎ ታገኘዋለች። መጠኑ ይጨመራል። ጥፋቱ የሽንት ቤቱ ነበር።

መሐል ላይ መመረቅ ይጀምራሉ። «ጀባ ይበላችሁ፣ ደጋግ ልጆች፣ ከክፉ ይሰውራችሁ።» ይህ ብዙ ጊዜ ወሬው ይብቃ ማለት ነው። ምርቃቱን ተቀበሉ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ አሚን በሉ። ከዚያ «እና ካርድ ክፍል ሲደርሱ ምን አሉዎት?» ብላችሁ ወደ ቦታው ተመለሱ። አይከፋቸውም።

አንዳንዶች ወሬውን ወደ 2014ቱ ጦርነት ይወስዱታል። በዚያ ጊዜ የደሴና የኮምቦልቻ ጤና ተቋማት መዘረፋቸው ይታወቃል። መድኃኒት ያጡበት፣ ሰው የቀበሩበት ጊዜ ነው። አታቋርጧቸው። ዛሬ ክትትል ያቋረጡበት ምክንያት እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ከዚያ ፌስታሉን ጠይቁ። ሁሉም ቤት አለ፤ ከአልጋ ራስጌ ወይም ከቁም ሳጥን ላይ የተሰቀለ የመድኃኒት ፌስታል። «መድኃኒትዎን ያሳዩን» በሉና ምንጣፉ ላይ ዘርግፉት። የሚወጣውን ተመልከቱ። ከጤና ጣቢያው የተሰጠ አምሎዲፒን፣ የግፊት መድኃኒት፣ አለ። ከግል መድኃኒት ቤት የተገዛ ሌላ ማሸጊያ አለ፤ ቀለሙ ሌላ ነው፣ የኩባንያው ስም ሌላ ነው፣ ውስጡ ግን ያው አምሎዲፒን ነው። ሌላ የግፊት መድኃኒት፣ ኢናላፕሪል፣ አለ። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አለ። ለጉልበት ቁርጥማት የተገዛ ዲክሎፍናክ አለ፤ ይህ ከኢናላፕሪልና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲደመር ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ከሥር አራት ቦታ የታጠፈ የሪፈር ወረቀት አለ፣ ጠርዙ ተበልቷል። የራጅ ፊልም አለ። የመድኅን መታወቂያው በላስቲክ ተጠቅልሎ መሐል ላይ ተቀምጧል። የትኛውም ክፍል ይህን ሁሉ አንድ ላይ አይቶት አያውቅም።

ፎቶ ለማንሳት አስፈቅዱ። እዚያው መካሪ አትሁኑ፣ መድኃኒትም አትውሰዱባቸው። አደገኛ ነገር ካያችሁ ግን፣ ለምሳሌ አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት ስም እየተወሰደ ከሆነ፣ እንደ ጥናት አትያዙት። በዚያው ቀን ለሚያክማቸው ባለሙያ ደውሉ።

አስታማሚውን ለብቻ አነጋግሩ። ልጅ ወይም ምራት እናቲቱ ፊት የማይናገሩት ነገር አለ፤ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሱ፣ ከሥራ ስንት ቀን እንደቀሩ፣ ባጃጅ ስንት እንደከፈሉ። እናቲቱም ልጃቸው ፊት የማይናገሩት አለ። ሸክም መሆን የሚያስፈራቸው ሰው ሕመሙን ያሳንሳል።

5. መንገዱን ሳሉት

የሰማችሁትን በማግስቱ፣ ትኩስ እያለ፣ ትልቅ ወረቀት ላይ አውጡት። ከግራ ወደ ቀኝ የገቡባቸውን በሮች በሙሉ ጻፉ። ከእያንዳንዱ በር ሥር የሆነውን ነገር፣ ከዚያ ሥር እሳቸው የተናገሩትን ቃል በቃል አስፍሩ። «ተጉላሉ» ብላችሁ አታሳጥሩ። «ልጄ፣ እግሬ እንደ ጨርቅ ሆነ» ካሉ እሱን ጻፉ።

አንድ መንገድ በምሳሌ እንይ። ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ እናት እናስብ። ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እቤት መጥታ ግፊት ለካች፤ 170/100። «ነገ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» አለች። ወረቀት አልሰጠችም። በማግስቱ ካርድ ክፍል የድሮው ካርድ ጠፋ፤ አዲስ ወጣ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እናቲቱ አዲስ ታካሚ ሆኑ፣ የቀድሞው ታሪካቸው የለም። ነርሷ ግፊት ለካች። ጤና መኮንኑ አየና ላብራቶሪ ላከ። ላብራቶሪ ደርሰው ናሙና ሲሰጡ ምሳ ሰዓት ሆነ። ውጤት ይዘው ሲመለሱ የመጀመሪያው ጤና መኮንን ስብሰባ ገብቷል። ሌላ ባለሙያ ከመጀመሪያው ጠየቃቸው። ሁለት መድኃኒት ታዘዘ። ፋርማሲ አንዱ የለም፤ «ውጭ ይግዙ» ተባሉ። አልገዙም። ያዘዘው ባለሙያ አላወቀም። ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም አላወቀችም። በሚቀጥለው ወር ስትለካ ያው 170 ነው፤ «መድኃኒት አይወስዱም» ብላ መዝግባለች።

እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም የራሱን ሥራ ሠርቷል። በቀይ እስክሪብቶ የምታከብቡት በሮቹን አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዘረጋውን መስመር ነው። ከኤክስቴንሽን ወደ ካርድ ክፍል፣ ከአንድ ጤና መኮንን ወደ ሌላው፣ ከፋርማሲ ወደ አዛዡ፣ ከጤና ጣቢያው ወደ ሰፈር። አራት የተበጠሰ መስመር። ስድስት አረጋውያን ካነጋገራችሁ ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ለጥፏቸው። የሚደጋገመው መስመር ራሱ ይታያችኋል።

6. አንድ ክፍል ውስጥ አገናኟቸው

ሁለት ስብሰባ ነው። የመጀመሪያው የሠራተኛው ብቻ ነው። ሥዕሉ ይለጠፍ፣ አንድ ሰው የአረጋውያኑን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ጮክ ብሎ ያንብብ። በመጀመሪያው ዙር ምክንያት መስጠት ክልክል ነው። «እኮ እኛ ጋ ሰው ስለሚያንስ» የሚለው ይቆይ፤ ተራው ይደርሳል። ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ጽዳትና ጥበቃ ሁሉ ይገኙ። ጥበቃውን የሚረሳ ብዙ ነው። አረጋዊ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው እሱ ነው። ባጃጁ ግቢ ይግባ አይግባ የሚወስነውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ከአረጋውያኑ ጋር ነው። ቀኑን ስትመርጡ አርብን ለጁምዓ፣ ሰኞን ለገበያ፣ በዓላትን ለሰው ተዉ። ፎቅ ላይ አይሁን። ባጃጁን እናንተ ክፈሉ። ኃላፊውን ከፊት ጠረጴዛ አታስቀምጡት፤ ነርስና አረጋዊ፣ ፋርማሲስትና አስታማሚ እየተቀላቀሉ ይቀመጡ። በዱዓ ወይም በምርቃት ልጀምር ካሉ ይጀምሩ። መምጣት የማይችሉ ካሉ ድምፃቸው ይሰማ ወይም አስታማሚያቸው ይምጣ። ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ፤ ወገባቸው አይችልም።

ጥያቄው «ምን ይሻሻል?» ከሆነ ዝም ይላሉ ወይም «ሁሉም ደህና ነው» ይላሉ። በዚህ ፈንታ ቀይ የተከበበውን መስመር አሳዩና «እዚህ ጋ ማን ቢረዳዎት ኖሮ ሳይቆሙ ያልፉ ነበር?» በሉ። መልሱ ብዙ ጊዜ ባለሙያው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነገር ነው። አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም። ወንበር ይጠይቃሉ፣ ሰው መጥቶ በእጃቸው እንዲይዛቸው ይጠይቃሉ።

7. ሁለት ነገር ብቻ ምረጡ

አሥር ነገር የመረጠ ጤና ጣቢያ አንድም አይሠራም። ለእያንዳንዱ አንድ ባለቤት ስጡና ለሁለት ሳምንት ሞክሩት። ከዚህ በታች ያሉት ያለ በጀት የሚሞከሩ ናቸው።

ስም ከበር ላይ መጥራት ይቅር። ነርሷ ወደ አግዳሚው ሄዳ ትከሻቸውን ነካ አድርጋ ትውሰዳቸው። ጆሮ ለከበደው ሰው ይህ ብቻ ግማሽ ቀን ያተርፋል።

ወረቀቱ ይዙር፣ ሰው ይቀመጥ። ለደከሙት አንድ መቀመጫ ለዩና ካርዱንና የላብራቶሪ ወረቀቱን የሚያዞር ሰው መድቡ። ተለማማጅ ተማሪዎች ካሏችሁ ይህን ይሥሩ፤ የጤና ጣቢያውን አሠራር ከዚህ የተሻለ የሚያስተምራቸው የለም።

የፋርማሲ የጠዋት ሰሌዳ። ፋርማሲስቷ በየጠዋቱ ከግፊትና ከስኳር መድኃኒት ያለውንና የሌለውን ጽፋ ለሚያዝዙት ታሳውቅ። የሌለ መድኃኒት ከታዘዘ ታካሚውን ከመመለሷ በፊት ለአዛዡ ትደውል፤ ምናልባት ተመሳሳይ ሌላ አለ። የጤና መድኅኑ ጉዳይ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከክልላችን ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች፤ ሰዉ ነገሩን ካወቀው ቆይቷል። መዋጮ ከፍሎ «ውጭ ይግዙ» የተባለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ለማደስ ያንገራግራል።

ደብተር። አንድ ተራ ደብተር ከመድኅን መታወቂያው ጋር በዚያው ፌስታል ይቀመጥ። የሚያየው ሁሉ ቀኑን፣ የለካውን፣ የሰጠውንና ያቆመውን መድኃኒት በሚነበብ አማርኛ ይጻፍበት። ጤና ኤክስቴንሽኗም ትጻፍ፣ ሆስፒታል ሲሄዱም ይዘው ይሂዱ። ካርድ ይጠፋል፣ ፌስታል አይጠፋም። እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ የምመርጠው ይህን ነው።

የመልስ መንገድ ወደ ሰፈር። ታክመው ሲወጡ ምን እንደተወሰነ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይድረሳት። ስልክ ይበቃል። ቴሌግራም ግሩፕ የምትጠቀሙ ከሆነ የካርድ ቁጥር እንጂ ስምና ሕመም አትጻፉ። ወደ ደሴ ወይም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሪፈር የተጻፈላቸው ከሆነ፣ መልሱን ይዘው እንዲመለሱና ማን እንደሚቀበላቸው ከመሄዳቸው በፊት ይነገራቸው።

ቀጠሮ አንድ ቀን ላይ ይጠቃለል። ግፊት ማክሰኞ፣ ስኳር ሐሙስ፣ መድኃኒት ደግሞ ሰኞ አትበሉ።

«ባዶ ሆድዎን ይምጡ» የሚለው ቃል ይታረም። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ሰው ቁርስ ትተው ኪኒኑን ከዋጡ ስኳራቸው ሊወርድና መንገድ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። ላብራቶሪ፣ ነርስና ፋርማሲ አንድ ቃል ይናገሩ፦ የምርመራው ዕለት ኪኒኑ ምርመራው አልቆ ምግብ ሲበላ ነው የሚወሰደው። ወረፋቸውም ይቅደም። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ከመግባታቸው በፊትም እንደዚሁ። ብዙ አረጋውያን «መጾም አይችሉም» ቢባሉ አይተዉትም፤ ዝም ብለው መድኃኒቱን ይተዋሉ። ቀድሞ ተቀምጦ የመድኃኒቱን ሰዓት ማስተካከል ይሻላል። ኢማሙና የነፍስ አባታቸው ቢያግዙ ደግሞ ነገሩ ይቀልላል።

8. ለኩ፣ ግን ትንሽ

እርካታ አትለኩ፤ መልሱን አስቀድመን አውቀነዋል። ከበር እስከ በር የፈጀውን ሰዓት፣ ስንት ጊዜ ከመቀመጫቸው እንደተነሱ፣ የታዘዘላቸውን ሁሉ ይዘው መውጣታቸውን፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ በሦስት ቀን ውስጥ መስማቷን ቁጠሩ። በሳምንት አምስት አረጋውያን መከተል በቂ ነው። ለውጥ ካልታየ አሠራሩን ቀይሩ እንጂ ሠራተኛውን አትውቀሱ።

9. ተመልሳችሁ ንገሯቸው

ብዙ ቦታ የሚዘለል እርምጃ ነው። ጠይቆ የጠፋ ሰው በሚቀጥለው አይታመንም። ያነጋገራችኋቸውን በየቤታቸው፣ ሌላውን በቅሬው ስብሰባ ላይ «ይህን ነገራችሁን፣ ይህን አደረግን፣ ይህኛውን አልቻልንም» በሏቸው። ያልቻላችሁትን ስትናገሩ ምክንያቱንም ጨምሩ። መድኃኒት ከላይ አለመምጣቱን ሕዝቡ ይረዳል፤ የማይረዳው ዝምታውን ነው።

ሳሙናና ስኳር እየሰጣችሁ ለፌስቡክ ፎቶ አትነሱ። ማመስገን ከፈለጋችሁ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ሳይቆሙ እንዲያልፉ አድርጉ።

ሠራተኛ ይቀያየራል። ስለዚህ ሥዕሎቹንና የአረጋውያኑን ቃል ያለ ስም አንድ ፋይል ውስጥ አድርጋችሁ አዲስ የሚመደብ ሰው የመጀመሪያ ሳምንት እንዲያነበው አድርጉ። ሁለተኛውን ዙር ከስድስት ወር በኋላ ከሌላ ቀበሌ፣ በሌሎች አረጋውያን ጀምሩ። የመጀመሪያው ዙር ላይ የተሳተፈ አንድ አስታማሚ ከአነጋጋሪዎቹ ጋር ይሂድ፤ ቤት ሲገባ የሚከፈትለት ወሬ ለእናንተ ከሚከፈተው ይበልጣል።